ዓይን ያያል፣ ማን ይፈርዳል?

ለመሆኑ ሰው አንዲት የሐሰት ቃል ሳይተነፍስ መዋሸት ይችላል? ጥያቄው የልጆች እንቆቅልሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሃምሳ ዓመት በላይ በየግድግዳው ሲለጠፍብን፣ በየሬዲዮው ሲነገረን፣ በየአደባባዩ ሲቆምብን የኖረውን ነገር ለመረዳት እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ፕሮፓጋንዳ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ብሎ የሚታየን ውሸት ነው። ስለዚህም አንድ ፖስተር ወይም አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ሲያጋጥመን ውሸቱን እንፈልጋለን፤ ፈልገን ካጣነው ደግሞ "ይኼስ እውነት ነው" ብለን በሩን ወለል አድርገን እንከፍትለታለን። የሚገባውም በዚሁ በር ነው።

ቃሉ ሲወለድ ከሐሰት ጋር ዝምድና አልነበረውም። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 15ኛ በ1622 እ.ኤ.አ. እምነትን ለማስፋፋት ካቋቋሙት ጉባኤ ስም የተገኘ ነው፤ ማስፋፋት፣ ማራባት ማለት ነው። ወደ እኛ አገር ሲመጣ "ቅስቀሳ" ከሚለው ቃል ጋር ተጣምሮ ኖረ። (የሚቀሰቀሰው የተኛ ሰው እንደሆነ ልብ ይሏል። ተቀስቅሶ ሲያበቃ ምን እንደሚያይ የሚወስንለት ግን ቀስቃሹ ነበር።) አባቶቻችን "ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል" ይላሉ። የእኔ ጥያቄ በዓይንና በልብ መካከል ስላለችው ጠባብ መተላለፊያ ነው። እዚያ ላይ ቆሞ መንገድ የሚያሳየው ማን ነው?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣውና በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ የታየው የረሃብ ፊልም ነበር። አዲስ አበባ ላይ የታየው ግን ዲምብልቢ የሠራው ብቻ አልነበረም። በመካከሉ ሌላ ገብቶበታል፤ የቤተ መንግሥት ሰርግና ግብዣ፣ ሻምፓኝ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ የሚጎርሰው ውሻ ይታያል። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ።

እንግዲህ በዚያ ፊልም ውስጥ ውሸት ፈልጉ። ሕፃኑ እውነት ነው፤ ወሎ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ረግፏል፤ መንግሥትም ነገሩን ሸፍኗል። ሰርጉም እውነት ነው፤ ውሾቹም ሥጋ በልተዋል። አንድም የተፈጠረ ነገር የለም። የተጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በስዕልና በስዕል መካከል ያለው ቁርጥ ነው። ስዕሉ ሕፃኑ እየሞተ ባለበት ሰዓት፣ በዚያው ቀን፣ በሕፃኑ ድርሻ ውሻው ጎረሰ አይልም። ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም አልተናገረውም። የተናገረው ተመልካቹ ነው፤ ለራሱ፣ በሆዱ።

ይህን ነገር የሩስያ የሲኒማ ሰዎች ቀደም ብለው ያውቁት ነበር። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው አዘጋጅ ከአብዮታቸው በኋላ በነበሩት ዓመታት የአንድ ታዋቂ ተዋናይ ፊት ወስዶ፣ ምንም ስሜት የማይታይበትን ያንኑ ፊት፣ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጣጥሎ አሳየ ይባላል። ተመልካቹ በመጀመሪያው ረሃብን፣ በሁለተኛው ሐዘንን አየ፤ የተዋናዩንም ችሎታ አደነቀ። ፊቱ ግን አንድ ነበር። ሐዘኑን ያመጣው ተመልካቹ ራሱ ነው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰው የተነገረውን ይጠራጠራል፤ ራሱ የደረሰበትን ግን አይጠራጠርም። ስለዚህ ጎበዝ ፕሮፓጋንዲስት የመጨረሻዋን እርምጃ ለእኛ ይተውልናል። ሁለት ነገሮችን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ዘወር ይላል።

"ታዲያ ምን ይጠበስ? ይገባቸው አልነበረም ወይ?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኔንም ብዙ ጊዜ አብሰልስሎኛል። በማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ሆኜ ስሠራ አንድ በዕድሜ የገፉ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ያን ምሽት ፊልሙን ያዩት ቴሌቪዥን ባለው ሰው ቤት ተጠራርተው በር ላይ ቆመው ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ይህንኑ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ ያኔ ሲያዩት ምን ተሰማዎት?"

"አለቀስኩ" አሉኝ። "አሁንም ባየው አለቅሳለሁ። ማልቀሴ ልክ ነው፤ የሞተ ሕፃን አይቼ ምን ላድርግ ልጄ? ግን እንባዬን የወሰዱት ሰዎች ምን እንደገዙበት በኅዳር አየሁ።"

ኅዳር ያሉት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ የተረሸኑበት ሌሊት። ብዙዎች የሚረሱትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ እፈልጋለሁ። በዚያን ጊዜ የወሎን ረሃብና የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር። ኮሚሽን ይጠይቃል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እያወቀ፣ ምን ሳያውቅ? ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ያሰለቻል። ፊልሙ ግን በአንድ ምሽት ሁሉንም ጨረሰው። ከእሱ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የቀረ አልመሰለም። ለእኔ ፕሮፓጋንዳን ከማስረጃ የሚለየው ይህ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ስዕል ሊይዙ ይችላሉ። ማስረጃ ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ፕሮፓጋንዳ ጥያቄውን ይዘጋል። እውነት ይዞ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ አጥብቆ ይዘጋዋል፤ ምክንያቱም በሩን የምናንኳኳው የሞተውን ሕፃን የካድን መስሎን እናፍራለን።

ቮልስዋገኗንም አንለፋት። ከዚያ ሁሉ የቤተ መንግሥት መኪና መካከል በአንዲት ጠባብ መኪና መውሰድ የመጓጓዣ ጉዳይ ብቻ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። ንግግር አላስፈለገም፤ መኪናዋ ተናገረች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ያዩት ሰዎች ያስታውሱታል፤ ቀዩን ጨርቅ፣ የሦስቱን ጢማሞች ስዕል በተርታ፣ በየስብሰባው መጨረሻ ወደ ላይ የሚወጣውን የግራ እጅ። ነገሩ አሰልቺ ነበር፤ ግን መሰልቸት ከፕሮፓጋንዳ አያድንም። ሮበርት ዛየንስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር፣ ትርጉሙን ባያውቀው እንኳ፣ እየወደደው እንደሚሄድ አሳየ። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንድን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ የሰማ ሰው እውነት ነው ወደ ማለቱ እንደሚያዘነብል አረጋገጡ። ልብ በሉ፤ ደጋግሞ የሰማ እንጂ አጣርቶ ያመነ አላልኩም። ለጆሮ የለመደ ነገር ለአእምሮ ቀላል ይሆንበታል፤ አእምሮም ይህን ቅለት ከእውነት ጋር ያምታታዋል። የሳሙና ነጋዴም ይህን ያውቃል። በየማለዳው በሬዲዮ የሚዘፈንልን የሳሙና ዘፈን እንድናምን አይለምነንም፤ እንድንለምደው ብቻ ይፈልጋል።

ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ስዕል ማንበብ አያውቅም ያለ ተሳስቷል። በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ በ1983 እ.ኤ.አ. የቆመው የሌኒን ሐውልት ሰውየውን ወደፊት ሲራመድ ያሳይ ነበር። የቀራጺው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ታሪክ ወደፊት ይሄዳል። ከተሜው ግን እርምጃውን ተከትሎ መስመሩን በዓይኑ ቀጠለና ወዴት እንደሚያደርስ አየ፤ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ። "እሱም ሊጠፋ ነው" ተብሎ ተሳቀ። ከዚህ የተሻለ የሥነ ሥዕል ሒስ አላውቅም። ቀልዱ አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ሐውልቱ ካለበት ቦታ ጋር መልሶ አገናኘው እንጂ። ፕሮፓጋንዳ ከአካባቢው የተቆረጠ ስዕል ነውና፣ አካባቢውን ሲመልሱለት ይከሽፋል። (ሐውልቱ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ አገር ለቅቀው ከሄዱ ከቀናት በኋላ ወረደ።)

በግብዣና በረሃብ ቁርጥ ሥልጣን የያዘው መንግሥት በ1977 ዓ.ም. መባቻ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ያንኑ ቁርጥ በራሱ ላይ እያዘጋጀ ነበር። በሰሜን ኮርያ እርዳታ የተሠራው ትግላችን ሐውልት ተመረቀ፤ ከተማው በሰንደቅ ዓላማና በቅስት አጌጠ፤ ሰልፈኛው ተሰለፈ። በኮረምና በመቀሌ ሕዝብ እያለቀ ነበር። ከበዓሉ በፊት ስለ ረሃቡ ማውራት አልተፈቀደም። ዓለም በሰፊው ያወቀው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ነው። ሁለቱን ስዕሎች አጠገብ ላጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ግን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አልተገኘም። መቀሱ ያው ነበር፤ መቀሱን የያዘው እጅ ነው የተለወጠው።

ከዚያ ሰፈራ መጣ፤ እኔም ከማታር ጋር የተያያዘውን ነገሬን የማነሣው እዚህ ላይ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሰሜን ሸዋና ከሌላም አካባቢ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲወሰድ፣ ብዙ አሥር ሺዎች የደረሱት ጋምቤላ ነው። ለደረቀው ሰሜን የቀረበለት ስዕል አረንጓዴ ነበር፤ ድንግል መሬት፣ ትራክተር፣ ሰፊ ሰማይ። መሬቱ ለምለም ነው መባሉ ውሸት አልነበረም። "ድንግል" የምትለው ቃል ግን አንድ ትልቅ ነገር ዋጠች፤ የአኙዋንና የኑዌርን፣ የመዠንገርንም ሕዝብ።

አንድ ገጠመኝ ላንሣ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሊያሳትም መጣ። ለአንዱ ወር የጋምቤላ መልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ያስፈልግ ነበርና ሁለት ቀረቡ። በአንዱ ሜዳው፣ ሰማዩና በዳር በኩል ጥቂት ጎጆዎች፣ ላሞችና አንዲት ውኃ የተሸከመች ሴት አሉ። በሌላው ሜዳውና ሰማዩ ብቻ። ሰውየው ብዙም አላመነታም፤ ሁለተኛውን አነሣና "ይኼኛው ንጹሕ ነው" አለ። ክፋት አልነበረበትም። ጥሩ ሰው ነበር፤ ሻይም ጋብዞናል። ለሙያው ዓይን እውነቱን ነው፤ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ያምር ነበር፣ ለጽሑፍም ቦታ ይሰጣል። ሰው የሌለበትን መሬት "ንጹሕ" የሚያሰኘው የውበት ስሜት ከየት እንደመጣ ግን ማንም አልጠየቀም፤ የዚያን ቀን ሥራችን አልነበረማ። ቀን መቁጠሪያው በየቢሮው ተሰቅሎ አንድ ወር ሙሉ ታየ፤ ስንት ውሳኔ የሚፈርም ሰው በየቀኑ ቀና እያለ እንዳየው እንጃ።

ኋላ ለሥራ ጉዳይ ማታር የመሄድ ዕድል ገጠመኝ። ማታር በኑዌር ዞን የዋንቱዋ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደቡብ ሱዳን ድንበር ብዙ አትርቅም፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ከጦርነቱ የሸሹ ስደተኞች ከሚገቡባቸው በሮች አንዷ ሆናለች። የሄድኩት በበጋ ነው። ከከተማው ወጣ ብዬ ያነሣሁትን የሜዳ ፎቶግራፍ ለአስተርጓሚዬ፣ ለአንድ የአገሩ ወጣት አሳየሁት። እኔ ያነሣሁት ሣር ነው፤ ሣርና አድማስ። እሱ ግን በጣቱ እየጠቆመ የሰው ስም ይጠራ ጀመር። ይኼ የእነ እገሌ ግጦሽ ነው፣ እዚህ ጋ የእገሌ አባት ማሽላ ይዘራል፣ ያቺ ከፍ ያለችው ውኃ ሲሞላ ሰውም ከብትም የሚወጣባት ናት። "አሁን የታሉ?" አልኩት። "ከከብቶቹ ጋር ወንዝ ወርደዋል። ዝናብ ሲጥል ይመለሳሉ" አለኝ፤ ይህንን የማያውቅ ሰው መኖሩ እየገረመው።

የኑዌር አገር ኑሮ በውኃው ይታዘዛል። ክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ ሰው ከፍ ወዳለው ቦታ ይሰበሰባል፤ በቆሎና ማሽላውን ያበቅላል። በጋ ሣሩ ሲደርቅ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። እንግዲህ በጥር ሜዳውን ያነሣ ሰው ባዶ ሜዳ ያገኛል፤ በነሐሴ የወንዙን ዳር ያነሣም ሰው የሌለበት ወንዝ ያገኛል። ሁለቱም ፎቶግራፎች እውነት ናቸው። ካሜራው አልዋሸም። ጎድሎት የነበረው ሌላው ወር ነው።

ይህ የስዕል ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቢቀር በተሻለ። ከሰፈራው ከ25 ዓመት በኋላ ያው ስዕል ለባለ ሀብት ቀረበ፤ ሰፊ፣ ለም፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በኢታንግና በጅካዎ በኩል 100 ሺህ ሔክታር የሚሸፍን ውል በ2003 ዓ.ም. ፈረመ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሮ ሞልቶ የበቆሎ እርሻውን ዋጠው። ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ለኪሳራው ብዙ ምክንያት ሊቆጠር ይችላል። ጎርፉ ግን ለአገሩ ልጅ የሚጠበቅ እንግዳ ነው፤ በየዓመቱ ይመጣል። በስዕሉ ውስጥ ሰውም ወቅትም ስላልነበረ፣ ወንዙ የሚወጣበትን ቀን የሚነግር አልተገኘም። ስለዚህ ፕሮፓጋንዳ የሚጎዳው የሚታለለውን ብቻ አይደለም፤ ደጋግሞ ያሳየውን ባለቤቱንም ያሳውረዋል። የሚሸጡት ሰዎች ራሳቸው ያንን ሜዳ ባዶ ነው ብለው ሳያምኑ አልቀሩም።

እዚያው ማታር ያጋጠመኝ ሌላ ነገር ደግሞ ተቃራኒውን እንዳስብ አደረገኝ። አንዲት አሮጊት የጎጆአቸውን ጎን በእህል ማዳበሪያ ጋርደውታል። (የላስቲኩን ከረጢት ማዳበሪያ ስንል እህል ቢይዝም ግድ የለንም።) በማዳበሪያው ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆችና የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። የምልክቱ ሥር እስከ ማርሻል ፕላን ዘመን ይደርሳል፤ አሜሪካ ለአውሮፓ በላከችው ዕቃ ላይ የጋሻ ቅርጽ ያለው ምልክት ትለጥፍ ነበር፤ እጆቹ ኋላ የተጨመሩ ናቸው። የለጋሹ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘግቷል፤ ከረጢቶቹ ግን ገና ብዙ ክረምት ይከላከላሉ።

"ማሌ፣ ማንዶንግ" ብሎ ወጣቱ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ከዚያ እነዚህ እጆች ምን እንደሚሉ ጠየቅልኝ። ሴትዮዋ እንደ አዲስ ዞር ብለው አዩና አንድ ነገር ተናገሩ። ወጣቱ እየሳቀ ተረጎመልኝ፦ "ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ እህሉን የያዘው የቱ ነው?"

አሥራ ምናምን ዓመት ከምልክትና ከአርማ ጋር ስሠራ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልሰማሁም። በእርግጥም የቱ ነው? ንድፉ ሰጪና ተቀባይ እንዳይለዩ ተደርጎ የተሠራ ነው። በአንድ በኩል ጨዋነት አለበት፤ ተቀባዩን እጁን ዘርግቶ የሚለምን አድርጎ ቢስሉት የከፋ ነበር። በሌላ በኩል ግን የሌለ እኩልነት ያሳያል። ደግሞስ ጽሑፉ ለማን ነው? እንግሊዝኛ ለማያነብቡ ለማንዶንግ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ማዳበሪያው የሚያናግረው ካሜራ ይዞ የሚመጣውን ነው፤ ሩቅ አገር ተቀምጦ ፎቶግራፉን የሚያየውን ግብር ከፋይ ነው። በላተኛዋ በዚህ ስዕል ውስጥ አንባቢ አይደሉም፤ የስዕሉ አካል ናቸው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን እህሉ እህል መሆኑን መርሳት አልችልም። ማንዶንግ በልተውታል፤ የልጅ ልጆቻቸውም በልተዋል። አርማውን መፍታት የቻለ ሰው እህሉን መናቅ የለበትም። ይህን የምለው ሌላ ዓይነት ዓይነ ስውርነት እየተስፋፋ ስላየሁ ነው። ዛሬ በየሻይ ቤቱ "ተወው፣ ሁሉም ፕሮፓጋንዳ ነው" የሚል ሰው ሞልቷል። የነቃ ይመስላል። የረሃብ ስዕል ያሳዩታል፤ "ማን ነው የቀረጸው?" ይላል። የተፈናቀለ ያሳዩታል፤ "ለማን ጥቅም ነው?" ይላል። ጥያቄዎቹ ደህና ነበሩ፤ መልሳቸውን ግን አይጠብቅም፤ ጠይቆ ወደ ማኪያቶው ይመለሳል። ለክፉ መንግሥት ከዚህ የተመቸ ዜጋ የለም። የሚያምነው በሰልፍ ቢወጣለት፣ ምንም የማያምነው ደግሞ በሰላም ይቀመጥለታል።

ለዚህ ሰው በ1965 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ባስታውሰው ደስ ይለኛል። ዲምብልቢ ወሎን ከማየቱ ከወራት በፊት፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ከነበረው ዩኒቨርሲቲ ጥቂት መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አነሡ፤ ተመልሰውም ስዕሎቹን በግቢው ውስጥ ለተማሪው አሳዩ። እነዚያም የረሃብ ስዕሎች ነበሩ፤ እነዚያም ለማስቆጣት ይበቁ ነበር፤ ተማሪዎቹም ተቆጥተው ወጥተዋል። ነገር ግን የመምህራኑ ስዕሎች ከሰርግም ከውሻም ጋር አልተቀጠሉም። ወሎ ቅርብ ነበር፤ የተጠራጠረ ሰው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ ማየት ይችል ነበር።